አንቀጸ ብርሃን ያለፈባቸው ደጆች

ኅዳር 20 ማታ የአርሲዋ የጢቾ ብርድ አጥንት ይሰብራል። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፤ ስንዴው የዘገየበት ገበሬ ደግሞ ኮምባይነሩ የት እንደደረሰ ሲጠያይቅ ሰንብቷል። ነገ ግን ኅዳር ጽዮን ነው፤ ሥራ የለም። እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ ሰዎች በባትሪና በስልክ መብራት መንገዱን እያዩ ወደ ቤተ ክርስቲያን ያዘግማሉ። በቅጽሩ በር ላይ የሚለዋወጡት ሰላምታ ገሚሱ በአማርኛ፣ ገሚሱ በአፋን ኦሮሞ ነው።

በቅኔ ማኅሌቱ ካህናቱ በቀኝና በግራ ተሰልፈው መቋሚያቸውን ተደግፈዋል። ማኅሌቱ ገና አልተቆመም። ከአንዱ ዓምድ ሥር ዐሥራ ሁለት ዓመት የሞላው የማይመስል ልጅ በአንድ እጁ ጧፍ፣ በሌላው የተከፈተ ዳዊት ይዟል። መዝሙረ ዳዊቱን አልፎ፣ ውዳሴ ማርያሙን ጨርሶ፣ አንቀጸ ብርሃን ላይ ደርሷል። ዓይኑ ግን ገጹ ላይ የለም፤ በር በሩን ያያል። ቅጠሉን የሚገልጠው ቃሉን ከጨረሰ በኋላ ነው፤ ያውም ሲያስታውስ። የጧፉ ሰም አውራ ጣቱ ላይ ሲንጠባጠብ ፊቱን ጨምደድ አድርጎ ይቀጥላል።

አንቀጸ ብርሃንን፣ ይህን የእመቤታችንን ምስጋና፣ በቃሉ የማይዘልቅ የአብነት ተማሪ ማግኘት ይቸግራል። ፊደል የቆጠረ፣ ዳዊት የደገመ ልጅ ወደ ዜማው ደጅ የሚገባው በውዳሴ ማርያም በኩል ነው፤ አንቀጸ ብርሃን ደግሞ ከጎኑ አይለይም። በድሮው የብራና ዳዊትም ሆነ ዛሬ በየቤተ ክርስቲያኑ በር በሚሸጠው የኪስ መጠን መጽሐፍ ሁለቱ ተከታትለው ይገኛሉ። ብዙ ምእመናን ቡና ሳይፈላ፣ ሥራ ሳይጀመር ይደግሙታል። ከየት እንደመጣ ሲጠየቁ መልሱ አንድ ነው፦ የቅዱስ ያሬድ ነው፣ አክሱም ነው።

በትውፊቱ መልሱ ትክክል ነው፤ ቢሆንም አክሱም የመንገዱ መጀመሪያ ብቻ ናት።

በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ያሬድ የተወለደው በ505 ዓ.ም. በአክሱም ነው። አባቱን በልጅነቱ ስላጣ እናቱ ለአጎቱ ለአባ ጌዴዎን ለትምህርት ሰጠችው። ትምህርት አልገባው አለ፤ መምህሩም በአለንጋ አልራሩለትም። አንድ ቀን ጠፍቶ ሲሄድ ማይ ክራሕ በተባለ ስፍራ ከዛፍ ሥር ዐረፈ። እዚያም አንድ ትል ዛፉን ሊወጣ እየሞከረ ስድስት ጊዜ ሲወድቅ፣ በሰባተኛው ሲወጣ ተመለከተ። ተመልሶም ተማረ። ይህን ታሪክ ከአርሲ እስከ ትግራይ ያለ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ፈተና የወደቀ ተማሪ የሚጽናናውም በእሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ተሥሏል። ከገነት የመጡ ሦስት ወፎች በሰው አንደበት አናገሩት፤ ወደ ሰማያዊቱ ኢየሩሳሌም ተነጥቆም የሃያ አራቱን ካህናተ ሰማይ ማኅሌት ሰማ። ሲመለስ አክሱም ጽዮን ላይ ቆሞ አርያምን አዜመ። ድምፁ ተሰማበት የሚባለው ስፍራ ሙራደ ቃል ይባላል፤ ከአክሱም ጽዮን ጋር ስሙ አብሮ ይነሣል። ሦስቱ የዜማ ዓይነቶች፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ፣ የወጡት ከዚያች ቀን ነው ይባላል።

ከሥዕሎቹ ሁሉ የታወቀው ግን የጦሩ ሥዕል ነው። ዐፄ ገብረ መስቀል በዜማው ተመስጠው የተደገፉበት የጦር ጫፍ በያሬድ እግር ላይ አረፈ። ንጉሡ አላወቁም፤ ያሬድም አልተሰማውም። ዜማው ሲያበቃ ደሙን ያዩት ንጉሥ ደንግጠው የፈለገውን እንዲጠይቅ ማሉለት። የጠየቀው መሬት ወይም ሹመት አልነበረም፤ ወደ በረሃ ገብቶ በምናኔ እንዲኖር እንዲያሰናብቱት ነበር። ንጉሡ እያዘኑ ፈቀዱ፤ መሐላ ነውና።

አንቀጸ ብርሃን የተወለደው እዚህ ላይ ነው። ግንቦት 11 ቀን የሚነበበው ስንክሳር እንደሚተርከው ያሬድ ለስንብት ወደ ጽዮን ገብቶ በታቦቷ ፊት ቆመ። ይህን ምስጋና ሲያሰማም ከምድር አንድ ክንድ ያህል ከፍ አለ። ድርሰቱን በዚህ ዐይን መልሶ የሚያነበው ሰው አንድ ነገር ያስተውላል፦ የኦሪቱን ታቦትና ድንኳን፣ የነቢያቱን ምሳሌ እያነሣ ለእመቤታችን የሚሰጥ ሰው፣ በትውፊቱ መሠረት ያን ታቦት በዓይኑ ፊት አድርጎ የቆመ ነው። የምስጋናው ምሳሌ ከመጽሐፍ ብቻ አልመጣም፤ ከቆመበት ስፍራም መጥቷል። ያሬድ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ስሜን ተራሮች ሄደ፤ በደብረ ሐዊ እያስተማረ ኖሮ እንደተሰወረ ይነገራል።

እርግጥ ነው፣ ተመራማሪዎች በዚህ ሁሉ አይስማሙም። ለያሬድ የሚሰጡት መጻሕፍት፣ ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት፣ በአንድ ሰው ዕድሜ የተጻፉ ሳይሆን በብዙ ትውልድ እየተጨመረባቸው ያደጉ ናቸው የሚሉ አሉ። ክርክሩ በኢትዮጵያ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በዚያው በ6ኛው ክፍለ ዘመን በቁስጥንጥንያ የነበረው ሶርያዊው ሮማኖስ፣ ድምፁ የማያምር ዲያቆን ሳለ እመቤታችን በሕልም ጥቅልል መጽሐፍ አጉርሳው ባለ ዜማ ሆነ ይባላል። በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሮም ጳጳስ የሆነው ጎርጎርዮስ ደግሞ ዜማውን ከጆሮው ሥር ርግብ ስትነግረው ይሣላል፤ የታሪክ ሰዎች ግን በስሙ የሚጠራው ዜማ መልኩን የያዘው ከእሱ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው ይላሉ። ወፍ በሮም፣ ወፍ በአክሱም። ሦስቱም ዜማውን ከሰማይ ተቀበሉ መባሉ የዚያ ዘመን ክርስቲያን ስለ ዜማ የነበረውን እምነት ያሳያል። ለዚህ ዘገባ ግን ከማን ጻፈው ይልቅ ማን አቆየው የሚለው ጥያቄ የበለጠ ፍሬ አለው፤ መልሱም በእግር የሚያስኬድ ነው።

የመጀመሪያዋ ደጅ አክሱም ራሷ ዛሬ ያሬድ የቆመበትን ሕንፃ ይዛ አልቆየችም። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ሲያያት አምስት መተላለፊያ ያላት ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1535 (እ.ኤ.አ.)፣ በኢማም አሕመድ ጦር ተቃጠለች። አሁን ያለችውን፣ ሴቶች የማይገቡባትን አሮጌዋን ጽዮን፣ ያሠሯት ዐፄ ፋሲለደስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በአጠገቧ ያለውን ባለ ጉልላት ሰፊ ቤተ ክርስቲያን ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አሠርተው በ1957 ዓ.ም. መርቀዋል፤ የእንግሊዟ ንግሥት ዳግማዊት ኤልሳቤጥም ተገኝተው ነበር። ታቦቷ አለችበት የሚባለው አነስተኛ ቤት በሁለቱ መካከል ነው፤ ከጠባቂው በቀር ማንም አይገባበትም።

ይህች ከተማ ኅዳር ጽዮንን በመከራም አክብራዋለች። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ጊዜ፣ በዓሉ ሊውል ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የኤርትራ ወታደሮች በከተማዋ ሰላማዊ ሰዎችን ገደሉ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን አስታውቋል።

ሁለተኛዋ ደጅ ለአርሲ ሰው ቅርብ ናት። ከአሰላ በስተ ምዕራብ መሬቱ ወደ ስምጥ ሸለቆ ያቆለቁልና ዝዋይ ሐይቅ ላይ ያርፋል። ከጭላሎና ከጋላማ ተራሮች ጀርባ የሚነሣው የቀታር ወንዝ የሚገባውም እዚያው ነው። ከሐይቁ አምስት ደሴቶች ትልቁ ቱሉ ጉዶ ይባላል፤ በላዩም ደብረ ጽዮን አለች። ደሴተኞቹ ዛዮች እንደሚተርኩት፣ ዮዲት አክሱምን ስታጠፋ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደ ደቡብ ሸሽተው በዚህች ደሴት ሸሸጓት። 70 ዓመት ያህል ቆይታ፣ አገር ሲረጋጋ ወደ አክሱም ተመለሰች። ስሟ ግን ደሴቱ ላይ ቀረ።

ታሪኩ በጽሑፍ ማስረጃ ይጽና አይጽና፣ አንድ ነገር አይካድም። ዛዮች ከመካከለኛው አገር ክርስቲያኖች ተለይተው ለዘመናት በውኃ ተከበው ኖረዋል፤ የራሳቸውን ሴማዊ ቋንቋ ይናገራሉ፤ የብራና መጻሕፍትም ጠብቀው አቆይተዋል። በዙሪያቸው ያለው ሁሉ ሲለወጥ እነሱ በደንገል ታንኳ እየቀዘፉ ዓሣቸውን አጠመዱ፣ ዳገቱን እርከን እየሠሩ አረሱ፣ በዓላቸውን አከበሩ። ኅዳር 21 ጽዮን የምትከበርበትን ምክንያት ሲዘረዝሩ ከዝዋይ መመለሷንም የሚጨምሩ ሊቃውንት አሉ። ስለዚህ ጢቾ ላይ በዚህች ሌሊት የሚዘመርላት ጽዮን፣ በትውፊቱ ከሄድን፣ የአርሲ ተራሮች ውኃ በሚወርድበት ሐይቅ ላይ በእንግድነት የኖረች ናት። ይህን ለጢቾ ሽማግሌ ቢነግሩት አይገረምም፤ ይልቁን ከልጅነቱ የሰማውን ይጨምርበታል።

ያ የ16ኛው ክፍለ ዘመን የኢማም አሕመድ ጦርነት ለዜማው ከሁሉ የከፋው ጊዜ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሲቃጠል መጽሐፉ አብሮ ይቃጠላል፤ መምህሩ ሲሞት ደግሞ በመጽሐፉ ላይ ያልተጻፈው ሁሉ ይጠፋል። ከጥፋቱ በኋላ የተሠራው ሥራ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ከ1540 እስከ 1559 (እ.ኤ.አ.)፣ ይነገራል። ትውፊቱ ሁለት ሊቃውንትን በስም ይጠራል፦ አዛዥ ጌራንና አዛዥ ራጉኤልን። በአማራ ሳይንት በተድባበ ማርያም ተቀምጠው የዜማውን ምልክት ያደራጁት እነሱ ናቸው። ኬይ ካውፍማን ሸለሜይና ፒተር ጄፍሪ ከ1993 እስከ 1997 (እ.ኤ.አ.) በሦስት ቅጽ ያሳተሙት ጥናትም የምልክቱን ዕድገት ከዚያው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በብራናዎቹ ላይ ተከታትሎታል። ትውፊትና ምርምር ሲገናኙ ማየት ደስ ይላል፤ ሁልጊዜ አይገጥምምና።

የድጓ ገጽ ለማያውቅ ሰው ጉንዳን የሄደበት ይመስላል። ትልልቁ ፊደል ቃሉ ነው። በላዩ ላይ፣ በመስመሮቹ መካከል በተተወችው ጠባብ ቦታ፣ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክና ደረት ተደርድረዋል፤ ድርስና አንብር በኋላ የተጨመሩ ናቸው። ከእነዚህ ጋር ደግሞ ደቃቅ ፊደላት አሉ፤ እያንዳንዷ ፊደል አንድን የታወቀ የዜማ ሐረግ ታስታውሳለች። ያን ሐረግ አስቀድሞ በጆሮው ያልያዘ ሰው ግን ፊደሏን አይቶ ምንም አያወጣም። መምህራን ምልክቶቹን በሕማማት ያስተምሯቸዋል፦ ጭረት የግርፋቱ ሰንበር፣ ርክርክ የደሙ ነጠብጣብ ነው። ስለዚህ መጽሐፉ ብቻውን አያዜምም፤ መምህር ያስፈልጋል፣ መምህሩ ደግሞ ከመምህር የተቀበለ መሆን አለበት።

መምህራኑ የሚገኙባቸው ስፍራዎች ናቸው እውነተኞቹ የዜማ ሐውልቶች። የድጓ ማስመስከሪያ ቤተልሔም ናት፣ ጋይንት ውስጥ። ከጦርነቱ የተረፈው ድጓ የተገኘው እዚያ ነው የሚል ታሪክ አላት፤ ማዕረጓም ከዚህ የመጣ ነው። ሕንፃዋ ራሱ ምሥጢር ነበረው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊው ቶማስ ፓክንሃም ደርሶ ሲያያት ከውጭ እንደ ማንኛውም የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክብ የሣር ክዳን ነበረች፤ ገባ ሲል ግን በክቡ ውስጥ አራት ማዕዘን የሆነ፣ በድንጋይና በእንጨት የታነጸ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ተሸፍኖ አገኘ። ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከረው ዙር አምባ ነው፣ እሱም ጋይንት። ለአቋቋም ጎንደር ይኬዳል፤ ላይ ቤትና ታች ቤት እዚያ ይለያሉ። ከቤተልሔም ሌላ ቆማና አጫብር የየራሳቸው የዜማ ስልት አላቸው። አንዱን ድርሰት ሦስት አገር ሄዶ ቢሰሙት ቃሉ አንድ፣ አካሄዱ ሦስት ይሆናል። ሊቃውንቱም የኔ ይበልጣል መባባላቸው አይቀርም፤ ለሰሚው ግን ጸጋ ነው።

ታዲያ ዜማው ጢቾ እንዴት ደረሰ?

ጢቾ ከጋላማ ተራሮች በስተ ምሥራቅ ያለች፣ በንጉሡ ዘመን ከጭላሎና ከአርባ ጉጉ ጋር የአርሲ ጠቅላይ ግዛት አውራጃ የነበረች ናት። የአርሲ ኦሮሞ ለዓመታት ተዋግቶ በ1878 ዓ.ም. በአዙሌ ጦርነት ከተሸነፈ በኋላ፣ አገሩን በምኒልክ አጎት በራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ የተመራው የሸዋ ሠራዊት ያዘው። ወታደሩ በሰፈረበት ታቦት ተተከለ፤ ታቦት በተተከለበት ደብተራ መጣ፤ ከደብተራው ጋር ድጓው። ይህን ታሪክ አለሳልሶ መናገር አያስፈልግም። የመሬት መነጠቅና የጦርነቱ ግፍ ትዝታ በአርሲ ዛሬም ሕያው ነው፤ ቤተ ክርስቲያኗም በብዙ ሰው አእምሮ ከዚያ ዘመን ጋር ተያይዛ ቆይታለች። ከዚያ ወዲህ ያለፈው ከመቶ ዓመት በላይ ደግሞ ሌላ ታሪክ ጨምሯል። በዚህች ሌሊት ከቆሙት ብዙዎቹ አባታቸውም እናታቸውም የአርሲ ሰው ናቸው። ስብከቱ በሁለት ቋንቋ ይሰጣል፤ ዜማው ግን ለሁሉም እኩል ባዕድ፣ ለሁሉም እኩል የራስ በሆነው በግእዝ ይቀጥላል።

አካባቢው ለዜማ እንግዳ አልነበረም። ባሌ ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን የሚጓዙ ሙስሊሞች ባላ በትራቸውን ይዘው ባህሮ የሚሉትን ውዳሴ እያዜሙ የሚሄዱበት አገር ነው። በትሩን ከመቋሚያው ጎን ያየ ሰው መመሳሰሉ ያስገርመዋል። ሁለቱም መደገፊያ፣ ሁለቱም መምቻ ናቸው፤ ሁለቱንም የያዘ ሰው ሌሊቱን ሲያወድስ ያድራል።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ማኅሌቱ ሞቋል። በመቋሚያ ዝማሜ የጀመረው ዜማ ጸናጽል ተጨምሮበታል፤ ከበሮው ቀስ ብሎ ይገባል፣ ከንዑስ መረግድ ወደ መረግድ ያድጋል፣ ጽፋት ላይ ሲደርስ ብርዱን የሚያስታውስ የለም። መሪጌታው ዓይናቸውን ጨፍነው በቀኝ ያለውን ሰልፍ ይሰማሉ። አንድ ወጣት ግማሽ ድምፅ አስቀድሞ ሲነሣ መቋሚያቸው መሬቱን አንድ ጊዜ ይነካል። ወጣቱ ገብቶታል፤ ለሚቀጥለው ዙር አንገቱን ደፍቶ ይጠብቃል። ሊነጋጋ ሲል ከከተማው መስጊድ የአዛን ድምፅ ይሰማል። ማኅሌቱ አያቋርጥም፤ አዛኑም።

ያ ዳዊት ይዞ የነበረው ልጅ ዕድሜው ለቅኔ ማኅሌቱ ገና ነው። ውዳሴ ማርያሙንና አንቀጸ ብርሃኑን እዚሁ ይዟል፤ መልክአ ማርያምና መልክአ ኢየሱስ ይከተላሉ። ጾመ ድጓና ምዕራፍ ሲመጣ የአገሩ መምህር እስከቻሉት ያስኬዱታል። የዛሬ ተማሪ ስልክ ስላለው የመምህሩን ድምፅ ቀድቶ በጎቹን ሲጠብቅ ይሰማዋል። ይህን የሚቃወሙ መምህራን አሉ፤ አብዛኞቹ ግን በሚቀጥለው ቀን ልጁ አስተካክሎ እስከመጣ ድረስ ግድ የላቸውም።

ድጓ ላስመስክር ካለ ግን ስልኩ አያስመሰክርለትም። መንገዱ የታወቀ ነው፦ ከጢቾ አሰላ፣ ከአሰላ 175 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ዓባይን ተሻግሮ ጋይንት። እዚያ በሣር ጎጆ እያደረ፣ አኩፋዳ አንግቶ በየደጁ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ፣ ሌሊት ከመምህሩ እግር ሥር እየተቀበለ ዓመታት ይቆያል። ለመንገዱ ከቤት የሚሰጠው ስንቅ አብዛኛውን ጊዜ በሶ ነው፤ ገብሱ የአርሲ።